በሟቹ ስልክ ላይ የታየው ፊደል

ወጣቱ ፕሮግራመር እዮኤል፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ የስልክ አፕ ከሚሠሩበት ፎቅ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። ሰፈሩ ለጁምዓ ወጥቶ ፎቁ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ስልኩን እንደጨበጠ ነበር፤ ፖሊስ ወዲያው ወስዶ አሸገው።

መንደሩ ሬሳው ሳይነሣ ፈረደ፤ «ሰልዋ ናት።» ሰልዋ የአፑን ፊደል የሣለችው ልጅ ናት። ከአዛን በፊት «ፊደሌ የታለ? ዛሬም ያው ድርቅ ያለው የስልኩ ፊደል ነው» ብላ ስትጮህበት ተሰምታለች። ለመንደር ይሄ ይበቃል፤ ጭንቅላቱን መቼ ይጠይቅና። ፖሊሶቹም ሊያስሯት ተነሥተዋል።

ኢንስፔክተር እፀገነት ግን ወሬ የምትለቅም ሴት አይደለችም። የአፑን ድርጅት ባለቤት ጀላልን ጠየቀች።

«መስጊድ ሲሄዱ ስልኩን አይተውታል?»

«አሳየኝ እንጂ። ፊደሉ አልገባም። ‹ሲመለሱ ገብቶ ያገኙታል› አለኝ።»

«ይሄን ያህል ምን ይከብዳል?»

«እኔ እንጃ። ሁሌም የሚያስገባው ዳኛቸው ነው። ለአንድሮይድ ሌላ፣ ለአይፎን ሌላ መንገድ አለው ይላል። እሱ ደስ ብሎት እስኪያስገባው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

ዳኛቸው፣ ዋናው ፕሮግራመር፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄ ለሁሉ ሰው የሚገባ ነገር አይደለም።»

«ለእኔ አስረዳኛ።»

«ፎንት የሚባለው የፊደል ቅርፅ በየስልኩ ዓይነት ለብቻ ይመዘገባል፤ ስሙ ከተዛነፈ አይታይም። እዮኤል ‹ፋይሉን በፎንቱ በራሱ ስም ሰይሜ፣ በአንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ ለሁለቱም አስገባለሁ› ይል ነበር። የልጅ ነገር።»

«አልሆነለትም?»

«ስልኩ ላይ የሰልዋ ፊደል በደንብ ወጥቶ ነበር። ዕድል ነው።»

«አንተ መቼ ወጣህ?»

«ከአዛን በፊት። አየር ጤና ምሳ በልቼ ስመለስ ሬሳው ተነሥቷል።»

እፀገነት ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሰልዋ የጮኸችው ፊደሏን ስላጣች ነው። አቶ ጀላልም ሲወጡ አላዩትም። ፋይሉ ስለተቀመጠ ብቻ ፎንት አይታይም፤ አፑ እንደገና ተሠርቶ ስልኩ ላይ መጫን አለበት። ኮምፒውተሩ እንደሚለው እዮኤል ይህን ያደረገው ሁላችሁም ወጣን ካላችሁበት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከእሱ እጅ ወደ እኛ እጅ ነው የገባው።» ወደ ዳኛቸው ዞረች። «አየር ጤና ተቀምጠህ በየትኛው ዓይንህ አየኸው?»

ዳኛቸው ወደ በሩ አየ። «ተመልሼ ነበር» አለ። «ስልኩን እያሳየኝ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። ‹ከእንግዲህ ማንም ያስገባዋል› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት።»

ቀላሉን ነገር አወሳስቦ ጌታ የሆነ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያቀልለት ሲመጣ ነፍስ ያጠፋል። ዕውቀት ይሉታል ደግሞ።

ሲወስዱት ጀላል ራሱን ያዘ። «አሁን ለሌሎቹ ስልኮች ማን ያስገባልናል?»

ሰልዋ እንባዋን በሻርፗ ጠርጋ እፀገነትን አየቻት።

«እስቲ ሞክሪው» አለች እፀገነት።

የእዮኤል ትእዛዝ አንዲት መስመር ናት። ሰልዋ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈቻት፤ አፑ እንደገና ተሠርቶ እስኪጫን ጠበቀች። ፊደሏ በአንድሮይዱም በአይፎኑም ላይ ወጣ። ዳኛቸውን የጫነው መኪና ገና ከማዞሪያው ግርግር አልወጣም ነበር።