ቀሚሷ ጫፍ ላይ የቀረው ጨው

የሰደበችኝ እትዬ ወለተሰንበት ናት። ቀኑ ግንቦት ልደታ፣ ሰዓቱ ዳቦው ተባርኮ የተቆረሰበት ሰዓት፣ ቦታው ልደታ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ሜዳ። ሰፈርተኛው እንደ ደንቡ ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ከቤት ወጥቶ፣ ሰሌን አንጥፎ ተቀምጧል። ሰው የበላውን ይረሳል፤ የተሰደበውን አይረሳም። እኔ በበኩሌ አልረሳም።

ዳቦውን በትሪ ይዛ ከዳር ጀምራ ታድላለች። ለአቶ ፈቃደ ሰጠች። ለሚስቱ ሰጠች። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ አልፋኝ ከእኔ ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰጠች። የረሳችኝ መስሎኝ «እትዬ፣ እኔን ዘለሉኝ» አልኳት።

«አልዘነጋሁህም» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ሲባል አልሰማህም? ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ሹፌር የኔን በር አያንኳኳም። የመንገድ ሰው ቤት የለውም። ልጄን ለመንገድ አልድርም።»

አቶ ፈቃደ ሳቀ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሲስቅም ፊርማ እንደሚያኖር ሰው ቀስ ብሎ ነው። ግን ሳቀ።

ልጄ ያለቻት ናዝሬት ናት። ያን ጊዜ ከእናቷ ኋላ የንፍሮውን ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔም የያዝኩትን የጠላ ኩባያ እስከ ግማሽ ጠጥቼ አስቀመጥኩት።

ናዝሬትን በሰፈር በዓይን ብቻ ነበር የማውቃት፤ የተዋወቅነው ፍርድ ቤቱ በር ላይ በምትሠራበት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በትራፊክ ክስ ተጠርቼ መንጃ ፈቃዴን ኮፒ ላስደርግ ገባሁ። ማሽኑ ላይ ከማስተኛቷ በፊት ፎቶዬን ልብ ብላ አየችው።

«እዚህ ላይ ምን ሆነህ ነው? የተናደድክ ትመስላለህ።»

«ፎቶ አንሺው ሰድቦኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ቀና በል፣ ሬሳ አታስመስለው አለኝ።»

በጣም ሳቀች። ከዚያ ደንግጣ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ሰው ስድብ ሲነግራት መሳቋ አሳፈራት። «ይቅርታ ሙሌ» አለችኝ፤ ስሜን ከመንጃ ፈቃዱ ላይ አንብባ ሙሉጌታን ራሷ አሳጥራው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ የጠራኝ አልነበረም። ክሱ በዚያው ሳምንት አለቀ። እኔ ግን ኮፒ የሚደረግ ነገር አላጣሁም፤ የቀበሌ መታወቂያዬን ብቻ ስንቴ እንዳባዛሁት እሷ ታውቃለች።

ማታ ሱቁን ስትዘጋ እስከ ቤቷ እሸኛታለሁ። ባቡሩ ከላያችን ሲያልፍ ወሬያችንን እናቆማለን። ካለፈም በኋላ አንዳንዴ አንቀጥልም፤ ዝም ብለን መሄዱ ይበቃን ነበር።

ከስድቡ ማግስት ጌጃ ሰፈር፣ መኪናዬን የማሳድርበት ጋራዥ ድረስ መጣች። እኔ ጎማ እፈታለሁ፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

«እማዬ የጠላችው አንተን አይደለም» አለች። «መንገዱን ነው።»

«መንገዱን ከሆነ ዳቦውን ለምን እኔን ከለከለችኝ? አስፋልቱን አትከለክለውም ነበር?»

«ሙሌ፣ ስማኝ።»

አባቷ አቶ በሱፍቃድ ከአፋር በረሃ፣ ከአፍዴራ፣ ጨው የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ናዝሬት ገና ልጅ ሳለች እዚያው በረሃ ታሞ ሞተ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርም ተብሎ እዚያው ተቀበረ። ልደታ የደረሰው ኮቱ ብቻ ነው። ኮቱን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱበት። እትዬ ወለተሰንበት እስከ ዛሬ ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር ከዳቦው የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለእሱ ለይታ ታስቀምጣለች። ኮቱም ቁም ሳጥን ውስጥ አልገባም። እንደተሰቀለ ነው፣ በሩ ጀርባ።

«መቃብሩን ሳላይ ባል አላገባም» አለች ናዝሬት። «አንተ እዚያ ትሄዳለህ። ውሰደኝ።»

እውነት ነው፣ እሄዳለሁ። በጥርና በየካቲት፣ በረሃው ሰው ሊችለው በሚችልበት ወቅት፣ የአዲስ አበባ ልጆችን በኮስተር ጭኜ የጨው ኩሬዎቹን ላስጎበኝ እወስዳለሁ። ጎማ የተነፈሰ እንደሆነ የሚሰድቡኝም እነሱ ናቸው።

ጥር ላይ ሄድን። ለእናቷ ሐዋሳ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው የምሄደው አለቻት። ሜክሲኮ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሻንጣዋን አቅፋ ከሰው መሃል ስትወጣ አየኋትና ጋቢናውን ከፈትኩላት። አዋሽን አለፍን፤ ሰመራ አደርን። ከኋላ ልጆቹ ይዘፍናሉ። እሷ እኔ ስነዳ እጄን እያየች ነበር። አንድ ጊዜ የብርቱካን ልጣጭ እያሸተተች «የአባዬ ኮት እንዲህ አይሸትም፤ ቅመሱኝ ቅመሱኝ የሚል የጨው ሽታ ነው ያለው» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አስጎብኚያችን ጀይላን ይባላል፤ ራሱ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ ልጅ ነው። ኩሬዎቹ ጋ ስንደርስ ሁሉንም አሰለፋቸው።

«ጫማ አታውልቁ። ጨዉ ምላጭ ነው። ውሃውን ዓይናችሁ ውስጥ አታስገቡ። መዋኘት የማትችሉ አትፍሩ፣ እዚህ መስጠም አይቻልም። ሞክራችሁ ካልሆነላችሁ ገንዘብ አልመልስም።»

ኩሬዎቹ ከሐይቁ ዳር ተደርድረዋል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወተት የመሰለ፣ አንዱ ሰማዩን ገልብጦ የያዘ። ዳራቸው ላይ ጨዉ ተጋግሯል። ልጆቹ ፎቶ ለመነሳት ሲሯሯጡ የረገጡበት ጉድጓድ ውሃ ይሞላና ጠርዙ ነጭ ይሆናል። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ድምፅ እንኳ እዚያ ሩቅ አይሄድም፤ አፍህ ጋ ይወድቃል።

ጀይላንን ስለ መቃብሩ ጠየቅነው።

«የሹፌር መቃብር ከሆነ ደሚቱን ጠይቋት» አለ። «ሻይ ቤቷ እዚያ ነው። እሷ የማታውቀው ሹፌር የለም።»

የደሚቱ ቤት በእንጨትና በሰሌን የተሠራ ዳስ ነው። ገብተን ጥግ ላይ ተቀመጥን። ደሚቱ ሻይ ልትቀዳ ብርጭቆውን አንስታ ናዝሬትን አየቻት። መቅዳቱን ተወችው።

«ልደታ» ብላ ወደ ጓሮ ተጣራች። «ውሃ አምጪ።»

ሁለታችንም ዞርን። በረሃ መሃል የሰፈራችን ስም ሲጠራ ምን እናድርግ።

አንዲት ልጅ ጄሪካን ተሸክማ ገባች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጄሪካኑን አስቀምጣ ቀና ስትል፣ ያ ግንባር፣ ያ የታችኛውን ከንፈር የመንከስ አመል... እኔ ያንን ከንፈር ከፎቶ ኮፒው ማሽን ፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ናዝሬት ደግሞ በዚያች ሰዓት የራሷን ከንፈር ነክሳ ነበር።

«ስሟን ማን አወጣላት?» አለች ናዝሬት።

«አባቷ» አለች ደሚቱ። «የሰፈሬ ታቦት ናት ብሎ። በዚህ ሙቀት ግንቦት አንድ ቀን ከቤት ውጡ ይለን ነበር። ንፍሮ ያስቀቅለኝና ሜዳው ላይ ይዘረጋል። ሰዉ ይስቅበታል፤ እዚህ ሁሉም ነገር ውጪ ነው፣ ወዴት ነው የምንወጣው ይሉታል። እሱ ግን ወደ አዲስ አበባ ዞሮ ይቀመጣል፣ ብዙም አይናገርም።» ከዚያ ቀስ ብላ «አንቺ ናዝሬት ነሽ። ዩኒፎርም ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ያሳየኝ ነበር» አለች።

ናዝሬት አላለቀሰችም። ደሚቱ በኋላ የቀዳችላትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ደሚቱ ብርጭቆዬን ስታነሳ እኔን አየችኝ።

«እሱም እዚያች ጥግ ነበር የሚቀመጠው» አለች። «እግሩንም እንዲሁ ነበር የሚዘረጋው።»

እግሬን ሰበሰብኩ።

መቃብሩ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ጥቁር ድንጋይ የተከመረበት ነው። ራስጌው ላይ ከመኪና ብረት የተበየደ መስቀል ቆሟል፤ ጨው በልቶታል። ልጅቷ ተከትላን መጥታ ከእግርጌው የወደቀች ድንጋይ አንስታ ቦታዋ መለሰች። ሁልጊዜ የምታደርገው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ናዝሬት አየቻት፤ እጇን ልትዘረጋላት አንስታ መልሳ አወረደችው።

ከዚያ ወደ ኩሬው ወረደች። በቀሚሷ፣ በጫማዋ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ውሃው እንደ ዘይት ወፍራም ነው፣ ሞቅ ያለ። በጀርባዋ ተኛች። ውሃው ተሸከማት። እኔም አጠገቧ ተኛሁ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም።

«ወደ ታች ልወርድ ሞከርኩ» አለች። «አይቀበለኝም።»

«ጀይላን ነግሮናል።»

«ሙሌ።»

«አቤት።»

«እማዬ ይህንን ከሰማች ትሞታለች። ያቺን ቁራሽ ዳቦ ስታስቀምጥ ፊቷን አይተኸዋል?»

እኔን ስትዘል ያየሁትን ፊት ልነግራት ፈልጌ ነበር። አልነገርኳትም። «አትሰማም» አልኳት።

«ማል።»

«ልደታን» አልኩ። ከዚያ ኩሬው ጫፍ ላይ፣ ድንጋዮቹ ዳር፣ ልጅቷ ቆማ ወደ እኛ ስታይ አየኋት። ስሟን የጠራሁ መስሏት ይሆናል።

ናዝሬት እጄን ያዘችኝ። ጨው የሚያቃጥለው የመዳፍ ቁስል ነበረብኝ፤ ግን እጄን አላነሳሁም። በሕይወቴ ለሰው እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም። ከዚያም ወዲህ አልቀረብኩም።

ስንመለስ ጋቢና አልገባችም። ከኋላ፣ መስኮት ዳር ተቀመጠች። የኋላ መስተዋቱን ባየሁ ቁጥር ፊቷ አለ፤ ከፊቷ አጠገብ ባዶ ወንበር አለ። ከአፋር እስክንወጣ ድረስ፣ ልጆቹ እየዘፈኑም ቢሆን፣ ያ ወንበር ባዶ አይመስለኝም ነበር። የጨው ሽታና የቆየ ኮት ሽታ ይመጣል። መስኮት ከፈትኩ፤ አልሄደም።

ከሳምንት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ማሽኑ ጠፍቷል። አላበራችውም።

«እማዬ ደረሰችበት» አለችኝ። «ቀሚሴን ታጥብ ነበር። ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አየችና በምላሷ ነካችው። የባሏን ሸሚዝ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። አፍዴራ ነው አለች። እሱ ነው የወሰደሽ አለችኝ።»

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን አላወቀችም። አታውቅምም።» ዓይኗ ሞላ። «ሙሌ፣ አንተን ሳይ እሷን ነው የማየው። ጄሪካኗን ይዛ። ቤት ገብቼ እማዬ አጠገብ ስቀመጥ ከአፌ ሊያመልጠኝ ይደርሳል። አንተ ባለህበት ሁሉ ያ ቤት አለ። እለምንሃለሁ፣ አትምጣ።»

«መንገዱን ልተወው እችላለሁ። ታክሲ እነዳለሁ፣ ከሜክሲኮ አየር ጤና።»

«መንገዱ አይደለም» አለች። «መንገዱ አልነበረም።»

የመጨረሻ ንግግራችን እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያዙኝን ጉዞዎች ሁሉ ነዳሁ። አፍዴራ ስደርስ ሌላ ጥግ እቀመጣለሁ። ልጅቷ ሻይ ስታመጣልኝ «እህቴ ደህና ናት?» ትለኛለች። ማን ነገራት? ደሚቱ አልነገረቻትም፣ ጠይቄያታለሁ። «ደህና ናት» እላታለሁ፤ የማላውቀውን።

ዘንድሮ ግንቦት ልደታ መጣ። መሄድ አልነበረብኝም። ግን ሰፈሬ ነው፤ ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የተቀመጥኩበት ሰሌን ነው። ደግሞ ልያት ብዬ ነው፣ ምን እደብቃለሁ። ዳር ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ጠላ ቀዳልኝ። ናዝሬት ከእናቷ ኋላ ሳህን ይዛ ቆማለች። ከስታለች። አየችኝ፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ዳቦው ተቆረሰ። እትዬ ወለተሰንበት የመጀመሪያዋን ቁራሽ በነጭ ጨርቅ ላይ ለይታ አስቀመጠች። ከዚያ ትሪውን ይዛ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሰዉ ወደ እኛ ዞረ። አቶ ፈቃደም አልሳቀም።

«ልጄን ወስደህ ምን አደረግክብኝ?» አለች። «ሳቋን የት ጥለኸው መጣህ? አትበላም፣ አትተኛም። የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ በር ዘግታ ትቀመጣለች። ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? ደፈራት ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

«እማዬ፣ ተይ» አለች ናዝሬት።

«ዝም በይ። እሱ ይናገር።» ከቅርብ ሳያት አርጅታለች። «ባሌም የመንገድ ሰው ነበር። በሱፍቃድ በረሃ ኖሮ አንድ ቀን ስሙ በክፉ አልተነሳም። እንዳንተ ያለው የጫማውን አቧራ አያክልም። ግን አላደረግኩም የምትል ከሆነ እነሆ፣ ሰዉ ሁሉ ይስማ። ምን እንደሆነች ንገረኝ። እውነቱን ንገረኝና ዳቦውን እኔው በእጄ አጎርስሃለሁ። ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

ቁራሹን አንስታ ወደ አፌ ዘረጋችው።

ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ስም ብቻ ነበር የሚበቃኝ፤ የዚያች ልጅ ስም። ዓመት ሙሉ ያ ዳቦ በጉሮሮዬ ተሰክቶ ነው የከረመው፤ አቶ ፈቃደ የሳቀው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ከእትዬ ትከሻ በላይ አሻግሬ አየሁ። ናዝሬት ከንፈሯን ነክሳለች። ሳህኑ በእጇ ያዘነብላል፤ ንፍሮው አንድ አንድ እያለ ይረግፋል። ከእሷ ወዲያ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ የሟቹ ቁራሽ ሳይነካ ተቀምጧል።

የጠላውን ኩባያ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩ። ተነሳሁ፤ ጫማዬን አጠለቅኩ። እትዬ ወለተሰንበት ቁራሹን እንደዘረጋች፣ የፍርድ ቤቱን አጥር ጥግ ጥጉን ይዤ ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ።