«ይሠራል» ያለችበት ቀን

በድሪያ ሙስዓብን የወደደችው በአንድ አሮጌ ፕሪንተር ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አዳማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ላብራቶሪ አብረው ይሠሩ ነበር፤ እሱ የማሽን፣ እሷ የኬሚስትሪ ሰው። አንድ ቀን ሙስዓብ ፕሪንተሩን ፈታትቶ፣ በአራቱ ቀለሞች ምትክ የዲኤንኤ ፊደላት የሚባሉትን አራት ኬሚካሎች ሞልቼ መስታወት ላይ ጠብታ በጠብታ ላትም አለ። ከሆነለት፣ በሽታ የሚለይበት፣ ከውጭ የሚመጣው ውድ መስታወት እዚሁ ሊሠራ ነው። ኬሚስትሪ የማያውቁት ባልደረቦቹ ሳቁበት። በድሪያ ግን አልሳቀችም። ጠብታዎቹ እንዳይደባለቁ መስታወቱን በምን እንደምትቀባው በልቧ እያሰላች ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ይሠራል» አለችው።

እሱም አቀርቅሮ የፈታውን ብሎን መልሶ ያጠብቅ ጀመር። ፍቅራቸው ከዚያች ቃል ጀመረ። በባጃጅ ሲሸኛት፣ ቀለበት ሲያደርግላት፣ ሁሌም ማንም ሳያምነኝ አንቺ አመንሽኝ ይላት ነበር።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ሙስዓብ የፈጠራ መብት ሲያወጣ አንድ የውጭ ኩባንያ ተቃወመ። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ነገር ነው፣ ግልጽ ነገር ደግሞ ፈጠራ አይባልምና መብቱ ይሰረዝ አለ። የሙስዓብ ጠበቃ መላ አላጣም፤ ያኔ አንድ የሙያው ሰው «አይሆንም» ብሎ ከነበረ፣ ነገሩ ግልጽ አልነበረም ማለት ነውና እናሸንፋለን አለ። የሙያው ሰው ደግሞ በድሪያ ብቻ ነበረች።

ሙስዓብ ለምኗት አያውቅም፤ ያን ቀን ለመናት።

«አንድ ቃል ናት፣ በድሪያዬ። እውነቱን እንደሆነ እኔና አንቺ እናውቀዋለን።»

በድሪያ በሐሰት መማል ምን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው። ቢሆንም ትወደው ነበር፤ ምን ታድርግ? አዲስ አበባ ሄዳ፣ ችሎት ፊት ቁርዓን ይዛ ማለችና «አይሠራም ብዬው ነበር» አለች። የሙስዓብን ዓይን ፈለገች። እሱ ጠበቃውን ያይ ነበር።

አሸነፉ። የኒካሁም ቀን ተቆረጠ።

ሙስዓብ ለደስታው ዘመድ ወዳጁን ሶደሬ ምሳ ጋበዘ። አዋሽ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንዱ እንግዳ ፈጠራው እንዴት እንደተጀመረ ጠየቀው። ሙስዓብ ሳቀ።

«ወላሂ፣ በድሪያ ራሷ እንኳ አላመነችኝም» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቱ ሳይቀሩ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ ሳቁባት። በድሪያም አብራ ሳቀች። ሙስዓብ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ግን ተከተለችው። ከጦጣዎቹ በቀር በአጠገባቸው ማንም አልነበረም።

«ሙስዓብ፣ ያን ቀን ምን ነበር ያልኩህ?»

አንዴ ወደ ሰዎቹ፣ አንዴ ወደ እሷ አየ። ይግባኝ ይመጣል ብሎ ፈርቶ ይሁን፣ ወይ ውሸቱን እሱም አምኖት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«አይሠራም ነው ያልሽኝ» አለ።

በድሪያ ቀለበቷን አውልቃ እርጥብ መዳፉ ላይ አኖረችው። አዳማ የሚመለስ ሚኒባስ አግኝታ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ያቺን ቀን ከእንግዲህ የምታስታውሳት እሷ ብቻ እንደሆነች ሲገባት፣ ያን ጊዜ አለቀሰች።