እሑድ ጠዋት የቆመው አየር ማውጫ

ብርሃነመስቀል በገዛ ጓዳው፣ በሳይደር፣ በፖም ጠጁ በርሜሎች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት ነው። ያገኙት አቶ ወልደየስ ናቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው ደረጃው ድረስ ጎተቱት፣ አምቡላንስ ጠሩ። ከበሩ ውጭ ያለውን ማብሪያ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። አየር ማውጫው ጠፍቷል።

የፖም ጭማቂ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል። ምድር ቤት ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ይወድቃል፤ ስለዚህ አየር ማውጫው ሌት ተቀን ይሠራል፣ የሚጠፋው ወለሉ ሲታጠብ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ወለሉን ያጠቡት ደግሞ አቶ ወልደየስ ነበሩ። መልሼ አብርቻለሁ? እጃቸው ማብሪያውን ሲጫን ትዝ ይላቸዋል፤ የቅዳሜው ይሁን የዓርቡ ግን አያውቁም። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት የመኪና ቁልፋቸውን ያገኙት ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

ከሰፈራቸው ከሞንትቤሎ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሞንትቤሎ ሃያ ሦስት ዓመት ሻትል፣ የመንገደኛ ሚኒባስ ነድተው፣ ጡረታ ወጥተው ሶፋ ላይ መድረቅ ሲጀምሩ ነበር ብርሃነመስቀል ከአውሮራ ከተማ በስተምሥራቅ ወዳለው እርሻው ያመጣቸው። ፖም ሊያጥቡ ገብተው፣ በሦስት ወር ውስጥ የቱ በርሜል ከየቱ እንደሚደባለቅ በምላሳቸው የሚወስኑት እሳቸው ሆኑ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰኞን ወደዱ። አሁን በዚያው በወደዱት ሥራ ሰው ገድለው እንደሆነ አያውቁም። ከዚህ የከፋ እስር ቤት የት አለ?

መርማሪዋ ኑኃሚን ትባላለች፤ አውሮራ ያደገች፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። እንግዳ ሳይደር በሚቀምስበት ክፍል ሦስቱን አስቀመጠቻቸው፦ አቶ ወልደየስን፣ የሟቹን ሚስት ፀዳልን፣ እዚያው ግቢ የሚኖረውን ሸሪኩን ዳኛቸውን። በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ። መስኮቱን በረዶ ሸፍኖታል።

«ጋሽ ወልደየስ፣ የአየር ማውጫውን ፋን ቼክ አድርገው ነው የወጡት?»

«መሰለኝ።»

«መሰለኝ ነው ወይስ አዎ?»

«ብምልልሽ ደስ ባለኝ ልጄ። አላስታውስም።»

ወደ ፀዳል ዞረች። «እሑድ ጓዳውን የሚከፍተው ማነው?»

«ጋሼ ናቸው።» ፀዳል ዓይኗን ጠረገች። «ዛሬ ግን በረዶ ስለጣለ ብርሃኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤታቸው ደወለላቸው፤ በቤት ስልካቸው። መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለው ይምጡ፣ እኔ እከፍታለሁ አላቸው። አንድ ሰዓት ላይ ወረደ።»

ዳኛቸው ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። «እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ቆርቤ ስወጣ ነው የተደወለልኝ።» ጠረጴዛው ላይ ካለው ቅርጫት ፖም አንስቶ ገመጠ። «ጋሽ ወልደየስን ብሌም አላደርግም። ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ። ለብርሃኔም ነግሬው ነበር።» ዘሩን ወደ ባዶ ብርጭቆ እንትፍ አለ።

አቶ ወልደየስ አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ነው፣ ይረሳሉ።

ኑኃሚን ብርጭቆውን ትንሽ አየችው። «በረዶው ስንት ሰዓት ላይ አባራ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት» አለች ፀዳል። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ በመስኮት አይ ነበር።»

መርማሪዋ ወጥታ ከጓዳው ጀርባ ዞረች። ስትመለስ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል። አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ወልደየስ፣ ፋኑን አብርተው ነው የሄዱት።»

አቶ ወልደየስ ቀና አሉ።

«የፋኑ አፍ በጓዳው ጀርባ ወደ ውጭ ይነፋል። ግቢው ሙሉ እስከ ጉልበት በረዶ ነው፤ ከፋኑ አፍ ፊት ያለው መሬት ግን ባዶ ነው። ማታ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ አፉ በተደፈነ ነበር። በረዶው ሲጥል ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል። ያጠፋው ሰው፣ በረዶው ካባራ በኋላ፣ ብርሃነመስቀል ከመውረዱ በፊት ነው ያጠፋው። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ።»

«እኔም እኮ እዚሁ ነበርኩ» አለች ፀዳል በፍርሃት።

«ነበርሽ። ጋሽ ወልደየስ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞንትቤሎ ቤታቸው ሆነው ስልክ አንስተዋል። በዚያ መንገድ ከአሥራ አንድ በኋላ እዚህ አጥፍቶ ለአሥራ ሁለት ቤት መድረስም፣ ከዚያ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚህ መድረስም አይቻልም። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ። ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቶኛል።»

ዳኛቸው ነጠላውን አስተካከለ። «ምን ዋሸሁ?»

«ቆርቤያለሁ አልክ። እናቴ የቆረበች ቀን አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምትውለው። የቆረበ ሰው አይተፋም፤ ምራቁን እንኳ። አንተ ፊቴ ቁጭ ብለህ የፖም ዘር ተፋህ። ዛሬ አልቆረብክም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነበርኩ ያልከውን ደግሞ ስልክህ የት እንደነበር አይቼ አጣራዋለሁ።»

ዳኛቸው ብርጭቆውን አየው፣ ከዚያ ፀዳልን።

«ለሱ አልነበረም» አለ።

«ለማን ነበር?»

«እሑድ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።» ጣቱን ወደ አቶ ወልደየስ ለመቀሰር እንኳ አቅም አጣ። «ስምንት ዓመት ያንን ሳይደር የሠራሁት እኔ ነኝ። ፖም ሊያጥቡ መጥተው በሦስት ወር ጠርሙስ ላይ ወረቀት ለጣፊ አደረጉኝ። አጥፍተው ማብራቱን ረስተው በራሳቸው ጥፋት ሞቱ ይባላል ብዬ ነው።»

ፀዳል ወንበሯን ከእሱ ራቅ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ሲወስዱት ኑኃሚን አቶ ወልደየስ አጠገብ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ጥፋት የለብዎትም። ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።»

ይህንን ቃል ሲለምኑ ነበር የዋሉት። ሲሰሙት ግን አላረፉም። ብርሃነመስቀል እሳቸው እንዳይንሸራተቱ ብሎ እሳቸው ሊሞቱበት ወደነበረው ጓዳ ወረደ። ከዚህ ማን ነፃ ይለቃቸዋል?

«ጋሼ» አለች ፀዳል። «ታች የሚፈላውን ሁሉ ለማን ልተወው?»

ድፊው፣ ሊሏት ፈለጉ። እርሻውንም ሽጪው፣ እኔም ሁለተኛ እዚህ አልደርስም። አፋቸው ግን «ሦስተኛው በርሜል ዛሬ ወደ ሌላ ካልተገለበጠ ይመራል» አለ። አፈሩ። በዚህ ሐዘን መካከል እንኳ ምላሳቸው ሦስተኛውን በርሜል ያስባል፤ ያንን ሥራ አሁንም ይወዱታል፣ መውደዱ ነው ያሳፈራቸው።

«አለሁ ልጄ» አሉ።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። አቶ ወልደየስ አልወጡም።