አንድ ጉንጭ ነጭ ወይን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ያውም በጠራራ ፀሐይ።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ከቤታችን ሥር፣ ከመሬት በታች ያለው ምድር ቤት ነው።

እማዬ ላይ ቤት ተኝታለች። ሐኪሞቹ "ቤቷ ብትሆን ይሻላል" ብለው ከመለሷት ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ውሃ እንኳን በማንኪያ ነው የምሰጣት። ያን ቀን ግን ዓይኗን ገለጠችና እጄን ያዘችኝ።

"ያንን ወይን አምጪልኝ።"

"የቱን ወይን እማዬ?"

"የአባትሽን። አንድ ጉንጭ ብቻ..."

ስለ ወይኑ ልንገራችሁ። አባዬ ከእማዬ ጋር በተጋቡበት ዓመት የተጠመቀ ነጭ ወይን ገዝቶ፣ ጠርሙሶቹን ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ በጎናቸው አስተኝቷቸው ነበር። ጠርሙስ ሲተኛ ቡሹ እንደረጠበ ይቆያል፣ አየርም አያስገባም። በየዓመቱ የጋብቻቸው ቀን ሲደርስ እማዬ ጥሩ ቀሚሷን ትለብስና ሁለት ብርጭቆ አጥባ ትከተለዋለች። አባዬ ሻማ ይለኩሳል። አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ከሻማው ፊት ይይዝና ቀለሙን ያያል።

"ገና ነው" ይላል። "ይቆይ። በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።"

መልሶ ያስተኛዋል። እማዬም ብርጭቆዎቿን እንደደረቁ ይዛ ትመለሳለች።

እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። "አባዬ ወይኑን አሳድጎ ሊድረው ነው" እያልን። እማዬ ግን አንድም ቀን አኩርፋ አታውቅም። "አባታችሁ ያውቃል" ነበር መልሷ።

አባዬ ሳይከፍተው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤቱ ተከፍቶ አያውቅም። ቁልፉም ከእማዬ አንገት ወርዶ አያውቅም። ያን ቀን ራሷ አውልቃ ሰጠችኝ።

በሩን ስከፍት የጠበቅኩት የሻጋታ ሽታ ነበር።

የሸተተኝ ግን ሻማ ነው... አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እፍ ተብሎ የጠፋ ሻማ።

አፍንጫዬ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና የስልኬን መብራት አበራሁ።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ አነሳሁ። ነጭ ወይን የተባለው ሻይ መስሏል። ቡሹን ልነቅል ስል እጄ ላይ ተፈረፈረ። ቀመስኩት... የበሰበሰ ፖም ነው።

ሁለተኛው ያው ነው። የሚቀጥለው አቼቶ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ማሸጊያ ሰሙ ሳይነካ ግማሽ ድረስ ጎድሏል።

ጠርሙሶቹን ለአባዬ ለሸጠለት ለሽማግሌው ወይን ሻጭ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ የአባዬ ወይን ቡናማ ሆኗል።"

"ስንቴ ነገርኩት ልጄ... ነጭ እንደ ቀይ አይደለም። አብዛኛው በጊዜው ነው የሚጠጣው። የሚቆየው ጥቂት ነው፣ እሱም ዕድል ካለው።"

"አንድ እንኳን አይተርፍም?"

"አንዳንዴ አንዷ ትተርፋለች። ሳይከፍቱ ማወቅ ግን..." ንግግሩን አቋረጠ። "አጠገብሽ ማን አለ?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ 'ገና ነው' የሚለው ማነው?"

ስልኩ ተቋረጠ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ብታምኑም ባታምኑም፣ ከፍርሃቱ ይልቅ የገደለኝ ሐዘኑ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው አቼቶ መሆኑን በየት አፌ ልንገራት? ከሱቅ አዲስ ገዝቼ ላታልላት ሁሉ አሰብኩ።

ደግሞ ተነሳሁ። የቀሩትን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም ተበላሽተዋል።

ታችኛው ረድፍ ጥግ ላይ አንድ ቀረ።

በሌሎቹ ላይ አቧራው ወፍሮ ተጋግሯል። ይሄኛው ግን ተወልውሏል...

አነሳሁት። ቀዝቃዛ ነው። ከባድ ነው። ሙሉ ነው። ወደ መብራቱ ሳስጠጋው ወርቃማ ሆኖ ጥርት ብሏል። ሰሙም አልተነካም።

በደስታ ጮህኩ። እዚህ አልከፍተውም፣ ዓይኗ እያየ ነው የምከፍተው ብዬ ደረጃውን ተያያዝኩት።

ደረጃው መሃል ላይ ስደርስ ጠርሙሱ የቀለለኝ መሰለኝ። እጄ ደንዝዞ ነው አልኩ።

አሁንም ቀለለኝ...

ከላይ የእማዬ ድምፅ ተሰማኝ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሳትስቅ የከረመች ሴት እንደ ልጃገረድ እየሳቀች ነው።

"ዛሬ ደረሰ?" አለች በሹክሹክታ።

መልሱን አልሰማሁም። የሰማሁት ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ነው።

ሮጥኩ።

እማዬ ብቻዋን ናት። ብርጭቆ የሚባል ነገር የለም። ከንፈሯ ግን ርሷል። ክፍሉን የሎሚና የማር መዓዛ ሞልቶታል።

"አልተበላሸም" አለችኝ።

"እማዬ... ማን ሰጠሽ?"

"በአባታችሁ እንዳትስቁ። አልተበላሸም።"

በእጄ ያለውን ጠርሙስ አየሁት። ሰሙ እንዳለ ነው። ውስጡ ደርቋል።

ቀና ስል እማዬ ትንፋሿን አውጥታ ነበር። መልሳ አላስገባችውም።

ጮኼ ልጠራት ነበር... ግን ፍራሹን አየሁት። ከጎኗ፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።

ማንም አልተቀመጠም።

ዓይኔ እያየ፣ የጎደጎደው ቀስ... ቀስ... ብሎ ተነሳና ተስተካከለ። የተቀመጠው ሰው ቆመ ማለት ነው።

"አባዬ" አልኩ። "አባዬ፣ ትንሽ ብቻ ተዋት... አልጠገብኳትም።"

ከዚያ እማዬ በተኛችበትም በኩል... እሷ እዚያው እንደተኛች፣ ራሷ ትራሱ ላይ እንዳለ... ከሥሯ የጎደጎደው ፍራሽ ማንም እንዳልተኛበት ሁሉ ቀስ ብሎ ተነሳ።