የአያ ገደፋው ወንፈል

ክረምት ሲገባ ዘርትሁን ጠዋት ጠዋት የምታደርገው ነገር አይለወጥም። ገና ከመኝታዋ ሳትነሳ የልጇን የምጥንን ትንፋሽ በግድግዳው በኩል ታዳምጣለች፤ ከዚያ ተነስታ የላላ የቆርቆሮ ምስማር እንዳለ ጣሪያውን ትቃኛለች፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት ትቆማለች። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ባሏ አስማረ፣ «አንቺ እኮ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ድንኳን የምታስተክዪ ሴት ነሽ» እያለ ይቀልድባታል። እሷም፣ «ያሰብኩት አይደርስም፤ የሚደርሰው ያላሰብኩት ነው» ትለዋለች። ስለዚህ ሁሉንም ታስባለች።

የዚያ ዓመት ሐምሌ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረባት። የአስማረን አያት የአያ ገደፋውን ሙት ዓመት ቤተ ዘመዱ ለሐምሌ ገብርኤል ሊያስብ ወስኖ፣ የሕይወት ታሪካቸው በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ተባለ። አያ ገደፋው ከደጋ ወርደው ይህን አገር ከነሚስታቸው ያቀኑ የመጀመሪያው ገበሬ ናቸው። መንደሩ ምንጥር የተባለው ራሱ እሳቸው ጫካውን ስለመነጠሩት ነው፤ ከእርሻው ጀርባ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገር፣ አንድ ቁራጭ ደን ሳይነኩ ትተዋል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰችና የእጅ ጽሑፏ የሚያምር ዘርትሁን ስለሆነች ጽሕፈቱ በእሷ ላይ ወደቀ።

ታሪኩን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የአያ ገደፋው ልጅ፣ የአስማረ አክስት፣ እማማ ውድነሽ። እኚህ አሮጊት የሚተኙት በቤቱ የኋላ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል መስኮት ስለሌለ ቀኑም ቢሆን ድንግዝግዝ ነው፤ የረጠበ ጭቃና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ከግድግዳው እየወጣ ልብስ ላይ ይቀራል። ዘርትሁን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ፊደሉን ለማየት አቀርቅራ፣ የሚሉትን ትጽፍ ጀመር።

«በመጀመሪያው ክረምት በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ አረሙ አንገት ላይ ደረሰ» አሉ እማማ ውድነሽ። «እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ናት። ጎረቤት የሚባለው የአንድ ቀን መንገድ ነው። አባቴ ቢጨንቀው ጉብታው ላይ ወጣና እንዳገሩ ልማድ ደቦ ጠራ።»

«ሰው በሌለበት?»

«ልማድ ነዋ! አንቺስ ባዶ ቤት ስትገቢ ‹ቤቶች› ትዪ የለ?»

ዘርትሁን ሳቀች። አሮጊቷ አልሳቁም።

«መጡ» አሉ።

«እነማን?»

«ከጫካው ነዋ። ጎንበስ እንዳሉ መጡ፤ ጎንበስ እንዳሉ ሲኮተኩቱ ዋሉ፤ ጎንበስ እንዳሉ ሄዱ። ፊታቸውን ያየ የለም። እናቴ ከአራስ ቤቷ ተነስታ ንፍሮ አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች። አልቀመሱም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው ልጄ። በልተው ቢሆን ደቦ ነው፤ በድግሱ ያልቃል። ሳይበላ የሠራልሽ ሰው ግን ወንፈል ነው የገባልሽ። ወንፈል የሚመለሰው በእጅ ነው፤ ሄደሽ ትሠሪለታለሽ።»

የዘርትሁን እስክሪብቶ ቆመ። «ሄዱ እንዴ አያ?»

«ጥርሴን ስነቅል ነው የሄደው። መጀመሪያ እህል ዘጋው። ከዚያ መጉበጥ ጀመረ። ከዚያ መኮትኮቻውን ይስል ጀመር። ምን ሆነሃል ሲሉት ‹ደህና ነኝ› ነው መልሱ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ወደ ጫካው ገባ። የቀበርነው ጋቢውን ነው። በኋላ ወንድሜ ሄደ። ከዚያ የባልሽ ታላቅ፣ ሱዳን ገባ ያሏችሁ።»

«አሁንስ?» አለች ዘርትሁን። የአስማረ ቤት ልጅ ምጥን ብቻ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

«ከቤቱ ሰው ነው እንግዲህ። እጅ እጅ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ብለው አይጠይቁም።»

ዘርትሁን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ቢያንስ የምትጽፈውን ለመጨረስ ያህል፣ «መቼ አረፉ ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«አረፈ ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ አሮጊቷ ወደ ግድግዳው እየዞሩ። «መቼ አረፈና።»

በማግስቱ ጉም ወረደ። እስከ ቀትር ያልተነሳ፣ የጓሮውን በቆሎ የዋጠ፣ ድምፅን ሁሉ አርቆና አቅርቦ የሚያምታታ ወፍራም ጉም ነበር። ዘርትሁን ልጇን ቁርስ ላይ ስትመረምራት ፊቷ ገርጥቶ ታያት፤ ከዓይኗ ሥር ጥላ ያለ መሰላት። ከሰዓት በኋላ ዕቃ ልታጥብ ስትገባ አንድ ሳህን ምግብ ሳይነካ መደርደሪያው ላይ ደርቆ አገኘች።

«ለምን አልበላሽም?»

«በላሁ እኮ እማዬ።»

«ታዲያ ይኼ የማን ነው?»

ምጥን ትከሻዋን ነቀነቀች። ዘርትሁን ያቺን ትከሻ ትኩር ብላ አየቻት፤ ወደ ፊት የወደቀች መሰላት። ያን ጊዜ ነው ከጓሮው ማዶ ድምፁን የሰማችው። ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይገባል፣ ይወጣል፤ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው፣ ግን እንደ ደቦ ዘፈን የለበትም፣ ሳቅ የለበትም፣ አንድ ሳል እንኳ የለበትም።

«ይሰማሃል?» አለችው አስማረን።

«ምኑ?»

«የሚኮተኩቱት።»

«የኩትኳቶ ወቅት ነው እኮ ሴትዮ። ምን ያድርጉ፣ ይጨፍሩ?»

ልጅቱን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አክስቷ ዘንድ እንዲወስዳት ለመነችው። ወንዙ ድልድዩን ከበላ ሦስት ቀኑ ነበር። መኪና የለም፣ በቅሎም አያሻግርም። «ውኃው ይጉደልና እንልካታለን» አላት፤ እንዲህ ሲላት ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደባትም። ይኸው መቀለዱን መተዉ ከጉሙ የባሰ አስፈራት።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ተመሳሰሉባት። ጽሕፈቱን ታቀረቅርበታለች፤ ተነስታ ልጇን ትጠብቃለች። ምጥን ስታጠና ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ታያለች፣ የቆሰለ፣ የጠጠረ ነገር እንዳለበት። ለራሷ የቀረበውን ምግብ ወደ ልጇ ትገፋላታለች፤ ሳህኑ ግን በማግስቱም ሳይነካ ይገኛል። አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ መኮትኮቻው ተስሎ፣ ስለቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እያበራ ቆሞ አገኘችው።

«ምጥን! ይኼን ማን ሳለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አልነካሁትም!» አለች ምጥን፤ ልታለቅስ ደርሳለች። ዘርትሁን የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ገልጣ አሸተተቻቸው። የቀለምና የሳሙና ሽታ ነው። የብረትና የመሳያ ድንጋዩ ሽታ ግን በአካባቢው ነበር፤ በጣም ቅርብ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቃታት።

የገብርኤል ዋዜማ ቀን ያላት መላ አንድ ብቻ ሆነ። ከበሉ ደቦ ነው፤ በድግሱ ያልቃል። ንፍሮ ቀቀለች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ጠላ በእንስራ አዘለች፤ በእኩለ ቀን በበቆሎው መካከል አልፋ ወደዚያ ቁራጭ ደን ወረደች። እንስራው ጀርባዋን ስለተጫናት ከእግሯ በታች ያለውን እርጥብ መሬት ብቻ እያየች ሄደች። አዲስ የተገለበጠ አፈርና የተበጠሰ ሥር ሸተታት። ከደኑ ዳር ስትደርስ የብረቱ ድምፅ ቆመ።

«ብሉልኝ» አለች። «ስለ ልጄ ብላችሁ ብሉልኝ።»

ጉሙ ትንሽ ሳሳ። ጀርባዎች ናቸው። በዛፎቹ መካከል እኩል እኩል ተራርቀው፣ በአንድ መስመር ያጎነበሱ ጀርባዎች። አንደኛው ላይ ያለው ቀዩ ሹራብ ሳሎኗ ውስጥ በተሰቀለው ፎቶ፣ የአስማረ ታላቅ የለበሰው ነው። ማንም ወደ ንፍሮው እጁን አልሰደደም። በመስመሩ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር፤ አፈሩ እዚያ ላይ ብቻ ሳይኮተኮት ቀርቷል። ጀርባዎቹ ክፍቱን ቦታ ሳይዘጉ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደገና ሥራቸውን ጀመሩ።

ዕቃዋን ጥላ ሮጠች። ምጥንን ወደ ክፍሏ አስገብታ ከውጭ ቀረቀረችባት፤ እሷም የሳለው ያልታወቀውን መኮትኮቻ ይዛ፣ ማንም ቢመጣ ልትመታበት፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ጮኸች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ ዝም አለች። ዘርትሁን ዝምታውን አልቻለችውም። በሩን ከፈተች። የልጇ ሰማያዊ ነጠላ ጫማዎች ቀስ ብለው ወጥተው ከፊቷ ቆሙ።

«እማዬ» አለች ምጥን፤ አሁን አትቆጣም፣ ፈርታለች። «እህል ከቀመስሽ እኮ ስንተኛ ቀንሽ ነው። ሳህንሽን ሁልጊዜ ትተሽው ትነሻለሽ። አባዬም እየፈራ ነው።»

«ደህና ነኝ» አለች ዘርትሁን።

«እሺ፣ ደህና ከሆንሽ ቀና በይና እዪኝ።»

ከጓሮው ማዶ የብረቱ ድምፅ አንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ዘርትሁን መኮትኮቻውን እንደጨበጠች የልጇን ፊት ለማየት ባላት ጉልበት ሁሉ ቀና ለማለት ታገለች፤ ዓይኗ ግን ከሰማያዊዎቹ ጫማዎች በላይ አልወጣም።