የይቅርታው ድንጋይ

ስለሺን በሰው ፊት ያዋረደው ምንያህል የሚባል የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ጥቅምት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አሶሳ። «ክልሉ አዲስ ነው ተብሎ ስምንተኛ ክፍል የወደቀ ሁሉ አስታራቂ ይቀጠር?» አለ። ሐኒ የምትባለው ታይፒስት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ስለሺ ብዙ ነገር ይረሳል፤ ስድብን ግን ቀኑን ከነሰዓቱ ነው የሚይዘው።

ቢሆንም ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረ። ሥራው ዳኛ ባልደረሰበት ገጠር ከአገር ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ነገር ማብረድ ነው። የመጀመሪያ ጉዳዩን ያመጡለት በሆሞሻ መንገድ ካለ የሰፈራ መንደር የመጡ፣ ጥቁር ዱላ የማይለያቸው ሽማግሌ፣ ጋሼ ቢሻው ነበሩ። «አቶ ስለሺን ስጡን» አሉ። ስለሺን በዚያ ቢሮ «አቶ» ብለው የጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። በሰፋሪው በሙላውና በአገሩ ተወላጅ በኻሚስ ማሳ መካከል ያለው የወሰን ችካል ተነቅሎ፣ ሃያ እርምጃ ወደ ሙላው ገብቶ ተተከለ። ሙላው «ኻሚስ ነው» አለ፤ ኻሚስ ካደ። ሦስት አስታራቂዎች፣ ማለትም ስለሺ፣ ጋሼ ቢሻውና ከባምባሲ የተጠሩት ሽማግሌ ኦቦ ኤጀታ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሁለቱን ሲሰሙ ዋሉ፤ ፍርዱን እስከ ነገ ላይናገሩም ተማማሉ። በማግስቱ ጠዋት ሙላው እዚያው ችካል ሥር ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ደም የነካው ጠፍጣፋ የወንዝ ድንጋይ ነበር።

«ግልጽ ነው» አሉ ጋሼ ቢሻው፣ አዲስ የተቆረጠ አረንጓዴ ቀርከሃ ተመርኩዘው። «ኻሚስ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ሟች አልቀበልም ሲለው በዚያው ድንጋይ መታው።»

የሰፋሪው መንደር ጎረምሶች መጥረቢያ ይዘው ቆመዋል። ከወንዙ ማዶ የኻሚስ ዘመዶች ተሰብስበዋል። ኻሚስ በኅብረት ሥራው መጋዘን ተቆልፎበታል። የፖሊስ መኪና ከአሶሳ የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው፤ እስከዚያ ማን ይቆያል? ስለሺ ፈራ። እንዳይታይበት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ።

ከተንበረከከ አይቀር አየ። የሙላው ቁስል ረጅምና ጠባብ ነው፣ ሁለት ጣት አይሞላም። ድንጋዩን ብድግ ሲያደርገው ከሥሩ ያለው ሣር በረጋ ደም ተጣብቋል። ደሙ ከፈሰሰ በኋላ የመጣ ድንጋይ ነው። ስለሺ እጁን በሣር ጠረገ።

ሚስቲቱ ውድነሽ ደረቷን እየደቃች ነበር። «ሲመሽ ወጣ። "ለነገው ሽምግልና አንድ ነገር ላጣራ" አለኝ። ሳይመለስ ሲቀር የማሳው ጎጆ ገብቶ ማሽላውን ከከርከሮ ሊጠብቅ አደረ ብዬ... እኔ እቴ! ምን አውቄ!»

መጋዘኑ ውስጥ ኻሚስ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል።

«ድንጋዩን አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«የምን ድንጋይ?»

«የይቅርታ። በትከሻ የሚሸከሙት።»

«ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ድንጋይ ለምን ተሸከመ? ወላሂ፣ እኔ ይሄ አያውቅም። እኛ ዘንድ እጅ ይያያዛል፣ ከቁርኣን ፋቲሃ ይቀራል፣ በቃ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስታራቂ፣ እነዚያ ልጆች በሩን ይሰብራል?»

ስለሺ የበሩን መወርወሪያ ፈትሾ ወጣ።

በቀርከሃው ጫካ ጥግ ኸድራን አገኛት። እንጨት ለቃሚ ናት። ትናንት ሊመሽ ሲል ወደ አስታራቂዎቹ መጥታ አንድ ነገር የመሰከረችው እሷ ነበረች፤ ጋሼ ቢሻው ከብቶቻቸውን ሊያስገቡ ከሄዱ በኋላ ነው የደረሰችው።

«ለእኛ የነገርሽውን ለሌላ ሰው ነገርሽ?»

«ለሙላው ነገርኩት፣ መንገድ ላይ።  ከዚያ "ታዲያ ማን ቀረ?" አለና ሮጦ ሄደ።»

ስለሺ ኦቦ ኤጀታን ወደ ጥግ ሳበ። «ኸድራ ከሄደች በኋላ የተስማማነውን ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም። በቃላችን ነን፤ አንተና እኔ ብቻ።» ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት፣ ፊታቸውም ተለወጠ። «ስለሺ፣ ልትል የፈለግኸው ገብቶኛል። ግን አፍህን ከከፈትክ መጥረቢያው መጀመሪያ ወደ እኛ ነው የሚዞረው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያስ እየፈራህ ተናገር። ሌላ ምን ይባላል!»

ሁሉም ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ኻሚስም በሁለት ሚሊሻ መካከል መጣ። ስለሺ ቀስ ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ ቢሻው፣ ዛሬ ሽማግሌ ምን ሊያዝ ነበር?»

«ኻሚስ ድንጋይ ተሸክሞ ሙላው እግር ሥር ይውደቅ ብለን አልነበር? እርስዎም ተስማምተዋል።»

«ተስማምቻለሁ። ለኻሚስ ማን ነገረው?»

ጋሼ ቢሻው ወደ ኦቦ ኤጀታ ዞረው አዩ።

«ሁለቱ ሳይቀመጡ ላንናገር ተማምለናል። ኻሚስ እንኳን ፍርዱን፣ ልማዱን አያውቀውም። ሙላው ደግሞ በድንጋይ አልሞተም። ቁስሉ የዱላ ነው፤ ደሙም ከድንጋዩ ሥር ነው ያለው። ድንጋዩን አምጥቶ ያስቀመጠው ገዳዩ ነው፤ ኻሚስ ድንጋይ እንደተፈረደበትም የሚያውቅ ነው። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ።»

መጥረቢያዎቹ ከትከሻ ወረዱ። «እንዴ! ይኼ ከተሜማ ራሱን አጋለጠ!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ወደ ፊት እየተራመደ። ስለሺ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ይሄኔ ወጥቶ ሄዶ ነበር፤ እዚህ ግን መውጫም የለ።

«ልጨርስና ምቱኝ» አለ። «ትናንት ጋሼ ቢሻው ከሄዱ በኋላ ኸድራ መጣች። ችካሉ የተነቀለው ነሐሴ ላይ ነው፣ ጉድጓዱን ትኩሱን አይታዋለች። በዚያ ሳምንት ኻሚስ ለንግድ ኩርሙክ፣ ሙላው ታሞ አሶሳ ነበሩ። ሁለቱም አልነቀሉትም ማለት ነው። እኔና ኦቦ ኤጀታ ያንን ፍርድ ወዲያው ሻርነው።»

«እውነት ነው» አሉ ኦቦ ኤጀታ። «ድንጋይ የሚሸከም እንዳይኖር ተባባልን። ለአቶ ቢሻው ጠዋት እንነግራቸዋለን ብለን ተለያየን።»

«ስለዚህ ትናንት ሲመሽ ኻሚስ ገና ድንጋይ ይሸከማል ብሎ የሚያምን በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አለ ስለሺ። «ጋሼ ቢሻው፣ ያ ጥቁር ዱላዎ የት ገባ?»

ሰው ሁሉ አረንጓዴውን ቀርከሃ አየ።  ከዚያ ቢሻው ቀርከሃውን ለቀቀና መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ወንዝ ውስጥ ነው» አለ። «ሙላው መጥቶ "ማን ቀረ? ከዚህ ወሰን አጠገብ ሌላ ማሳ ያለህ አንተ ነህ" አለኝ። ነገ በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ ብሎ ወደ ችካሉ ሄደ፤ ተከትዬ መታሁት። ችካሉን የነቀልኩት ኻሚስ ተጣልቶ አገሩን ቢለቅ ብዬ ነበር እንጂ... የወንዙን ዳር ማሳ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሰው ልገድል አላሰብኩም።»

ውድነሽ ጮኸች። ሚሊሻዎቹ ኻሚስን ለቀው ወደ ቢሻው ሄዱ። ጎረምሶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ፤ ማንን እንደሚያዩ የማያውቁ መሰሉ። ማዶ ያሉት ኻሚስ በእግሩ ወደ እነሱ ሲመጣ አይተው እልል አሉ።

ስለሺ ቦርሳውን አነሳ።

«ቆይ» አለ ቢሻው፣ እጁ ታስሮ። «እንዴት መረጥኩህ መሰለህ? ማኅተም ያለው፣ ነገር ያልገባው ጀማሪ ፈልጌ ነው። ጀማሪ ነው ያሉኝን ሰዎች ይቅር አልላቸውም።» ሊስቅ ሞከረ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተጨማደደ፣ እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ። «ልጄ፣ አምስት ልጅ አለኝ። የሙላው ወንድሞች ነገ ደም ይፈልጉባቸዋል። ሥራህ ይኼ አይደል? ሄደህ ከውድነሽ እግር ውደቅልኝ። ታስታርቀኛለህ?»

ውድነሽ ልቅሶዋን አቆመች። መንደሩ በሙሉ የስለሺን መልስ ጠበቀ።

ስለሺ ይህንንም ስድብ ከነሰዓቱ ያዘው። ከዚያም ቦርሳውን በትከሻው አድርጎ፣ ወደ ውድነሽ ሳይዞር፣ የሆሞሻን አቧራማ መንገድ ይዞ ሄደ።