የኮኮ ሁናዲን ድምፅ ማን ዝቅ አደረገው?

«እስቲ እኔን ትንሽ ከፍ አድርጊኝ» አሉ ሰፈሩ ሁሉ ኮኮ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ኮኮ ሁናዲ።

ሞሲማ ኮምፒዩተሩ ላይ የድምፃቸውን መቆጣጠሪያ በማውሱ ይዛ ወደ ላይ ገፋችውና የተቀዳውን መዝሙር አስጀመረች። መቆጣጠሪያው ጥቂት ባለበት ቆየ። ከዚያ ልክ ኮኮ ሁናዲ መዝሙሩን መምራት ሲጀምሩ፣ ማንም ሳይነካው ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ወረደ» አሉ ኮኮ።

«አዎ... አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል።»

«እንደገና ግፊው።»

ገፋችው። ወረደ። ሞሲማ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ሼም ያዛት። ማን እንደሚያወርደው አሳምራ ታውቃለች። ራሷ ናት።

ነገሩ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀይ ሸሚዝ በነጭ ኮሌታ ለብሰው የሚጸልዩት የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አንድ መዝሙር አስቀድተው፣ እሁድ ጠዋት በሰፈራቸው በማሜሎዲ ሬዲዮ ሊያሰሙ ፈለጉ። የሞሲማ እናት «ልጄ አለችላችሁ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሙዚቃ ስትሠራ ነው የምታመሸው» አለች። ሞሲማን የጠየቃት የለም። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ አዋቂ ያዝዛል እንጂ አይጠይቅም።

የቀዳችው መኝታ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ ብርድ ልብስ በመስኮቱ ላይ ሰቅላ ነበር። ሠላሳ ዓመት መዝሙር የመሩት ኮኮ ሁናዲ መጀመሪያ ተቀዱ። ሌሎቹ ስምንቱ ተራ በተራ እየገቡ፣ የእሳቸውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ተቀበሉ።

በማግሥቱ እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘቻት። «የኮኮን ድምፅ ትንሽ ደበቅ አድርጊው። ተሰነጣጥቋል እኮ። ሰው እንዳይስቅባቸው ለራሳቸው ብዬ ነው። እንዳትነግሪያቸው ደግሞ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሞሲማም እሺ አለች። በሦስተኛው ቀን አክስቷ ሴዌላ በር ላይ ጠብቃ፣ «የናትሽ ድምፅ ጆሮ ይበሳል፣ ቀንሺልኝ። የኔን ደግሞ ጨመር አድርጊው» አለቻት። ከዚያ ጎረቤታቸው። ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም «በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» እያሉ።

በፕሮግራሙ ውስጥ ከእያንዳንዱ ድምፅ ሥር አንድ ቀጭን መስመር አለች። መስመሯን ያጎበጥሽበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ በራሱ ይወርዳል፤ ያቀናሽበት ላይ ይወጣል። ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች አውቶሜሽን ይሉታል። አንዴ ከተሣለች መቆጣጠሪያውን በእጅ ብትገፊው አይሰማሽም። ሞሲማ ስትሥል ሰነበተች። በለወጠችው ቁጥር ፕሮጀክቱን በአዲስ ስም ታስቀምጠዋለች፤ ሐሙስ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት እያለች ሐሙስ ሰባት ደረሰች። መዝሙሩ በየቀኑ እየጠራ ሄደ፣ ደግሞ በየቀኑ እየሞተ። ለምን እንደሆነ አልገባትም። አንዷን እምቢ ብትል የስምንቱም ጉድ ይወጣል። መተኛት አቅቷታል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኩ ብሏል። ሊሞላ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ኮኮ ሁናዲ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ የሊጥ ድብልብል፣ ማግዊኛ፣ በፌስታል ይዘው መጡ፤ ከመሄዱ በፊት አንዴ ልስማው ብለው።

«ኮምፒዩተሩ ነው ኮኮ» አለች ሞሲማ። «በራሱ ነው የሚያወርደው።»

ኮኮ ሁናዲ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «እኔ ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ‹መስመሩ በራሱ ተቋረጠ› የሚል ስንት ሰው ሰምቻለሁ መሰለሽ። በራሱ አይቋረጥም፣ ልጄ። የነቀለው ሰው አለ።»



«ይቺ ጎባጣዋ እኔ ነኝ?» አሉ በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ።

«አዎ፣ ኮኮ።»

«ይቺስ?»

«አክስቴ ሴዌላ።»

«እሷም ወርዳለች። ይቺኛዋ?»

«እማ ናት።»

ኮኮ ሁናዲ መስመሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሞሲማ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ለካ በአንቺ እጅ ስንደባደብ ነው የከረምነው» አሉ። «ማን እንዳዘዘሽ አልጠይቅሽም። ስትቀጂን እንደነበረው አሰሚኝ።»

ሞሲማ ሐሙስ አንድን ከፈተች። ምንም ያልተሣለበት ነው። የኮኮ ሁናዲ ድምፅ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ረጅሙን ከፍታ ሲይዙ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሊወድቅ ሲል ስምንቱም ሴቶች ጊዜያቸው ሳይደርስ ተሽቀዳድመው ገቡና ያዙት። ሞሲማ ቸኩለው የተሳሳቱ ይመስላት ነበር። ሐሙስ ሰባት ላይም እንደዚሁ ይገባሉ፤ ግን እዚያ የሚይዙት ሰው የለም። መዝሙሩን የገደለችው እዚህ ጋ ነው።

«ድምፄ አልቋል አይደል?» አሉ ኮኮ ሁናዲ።

«አዎ፣ ኮኮ» አለች ሞሲማ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ ሰው ድምፅ የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ደረቷን ቀለል አላት። «እነሱ ግን ሊይዙዎት እየጠበቁ ነው።»

ኮኮ ሁናዲ የትኛውን እንደምትልክ አልነገሯትም። «ማግዊኛው ሳይቀዘቅዝ ብዪ» ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ።

ሰባት ደቂቃ ሲቀር እናቷ ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ላክሽው?»

«አሁን ልልከው ነው።»

«ኮኮን እንዳልኩሽ አደረግሻቸው?»

«አላደረግኳቸውም። ያንቺንም የአክስቴንም የሁሉንም እንደነበረ መልሼዋለሁ።»

«የኔን? የኔን ማን አስቀነሰው?»

«እማ፣ መጀመሪያ ስሚው።»

እናቷ በንዴት ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ሞሲማ የጆሮ ማዳመጫውን ራሷ አጠለቀችላትና መዝሙሩን አስጀመረች። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛው ስንኝ እየቀረበ መጣ። ሞሲማ ድምፁ አይሰማትም፤ የእናቷን ፊት ብቻ ነው የምታየው። ፊቷ አልተፈታም። ልክ የኮኮ ሁናዲ ድምፅ ሊሰበር ሲል ግን እናቷ ሳታውቀው አፏን ከፈት አድርጋ፣ ልትገባ እንደተዘጋጀች ሁሉ፣ ትንፋሽ ሳበች።

ሞሲማ «ላክ» የሚለውን ተጫነች።